ለክረምት የሚመጡት ልጆች

ደብረ ብርሃን ላይ ክረምት ሲገባ ሰው ከሰው ጋር ይታሰራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ሐምሌ ላይ ጠዋት የወረደ ጉም አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አይነሣም። በሬሳ ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ማዶ ያለው ማዶ፣ ወዲህ ያለው ወዲህ ይቀራል። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ብርዱን በካፖርት ሊመልስ ይሞክራል። የአገሩ ሰው ግን ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ እሳት ከመክበብ ሌላ መላ እንደሌለው ያውቃል። ችግሩ እሳቱን አብሮህ የከበበውን ሰው ባትወደው እንኳ ወጥተህ የምትሄድበት አለመኖሩ ነው።

እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። አባቴ እኔ ገና በዳዴ ሳለሁ ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወረደና እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። በ1976 ዓ.ም. እናቴን ፈልጎ ሽማግሌ የላከው ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ድግስ አልተደገሰም። ዶሮ ተሠራ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ሽማግሌዎች ፊት ውል ተፈራረሙ፤ በማግስቱ እናቴ እንደ ወትሮዋ ለጠዋት ፈረቃ ገባች። ለመጀመሪያ ትዳር ድንኳን ይጣላል፣ ለሁለተኛው በር ይዘጋል። አያቴ ከመንዝ መጥተው ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት፤ ቆብ ስለጫኑ እማሆይ እንላቸዋለን። ስለ ሰውየው ምን እንደሚያስቡ ሲጠየቁ "እጁ ሥራ ያውቃል" አሉና እንዝርታቸውን ማሾር ቀጠሉ። ምርቃት ይሁን ሽሙጥ የለየው የለም።

እኔ ጋሼ አልኩት። አባባ እንድለው የጎረቤት ሴቶች ሲጎተጉቱኝ ራሱ ከለከላቸው። "ተዉአት፤ አፏ ያመጣላትን ትበለኝ" አለ። ለእንጀራ አባት ከዚህ የተሻለ አጀማመር አላውቅም።

ጋሼ ከቀድሞ ትዳሩ ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ኮምቦልቻ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ። ትምህርት ሲከፈት የእናታቸው ናቸው፣ ሲዘጋ የአባታቸው። ሰኔ 30 ካርድ ይቀበሉና ሐምሌ እንደገባ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። እኔ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልጅ ሆኜ እከርምና ዝናቡ ሲበረታ የሦስት ልጆች መካከለኛ እሆናለሁ። ትልቁ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ ትንሿ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። በዘመድ አቆጣጠር ምናችን እንደሆኑ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ "ለክረምት የሚመጡት ልጆች ናቸው" እል ነበር፤ ይህ ብቻ ነበር እውነት ሆኖ የሚታየኝ።

ከኮምቦልቻ የሚመጣው አውቶቡስ በካራቆሬ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ቆላውን አቋርጦ ደብረ ሲናን ይወጣል፤ ከዚያ ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ ያልፋል። ከዋሻው ወዲያና ወዲህ ያለው አየር አይተዋወቅም። የመጀመሪያው ክረምት ልጆቹ በስስ ሸሚዝ መናኸሪያ ሲወርዱ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። ጋሼ በርኖሱን አወለቀና ሁለቱን አንድ ላይ ጠቀለላቸው። እኔም ከጎኑ ቆሜያለሁ። በርኖሱ ሰፊ ነበር፤ ለሦስተኛ ልጅ ቦታ አያጣም። እስከ ቤት ድረስ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ስለ በርኖሱ ስፋት አሰብኩ።

እናቴ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደች። የእንጀራ እናት ስሟ በየተረቱ የጠፋ መሆኑን ስለምታውቅ፣ ተረቱን በሥራዋ ለማስተባበል ቆርጣ ተነሣች። ወጥ ስታወጣ ደህና ደህናው ለእነሱ ነው። አዲሱ ባና ለእነሱ፣ ከእሳቱ አጠገብ ያለው መደብ ለእነሱ። እኔ ሳጠፋ ጭኔ ላይ ቁንጥጫ አለ፤ ትልቁ ብርጭቆ ሲሰብር ግን "ምንም አይደል ልጄ፣ አንተ ብቻ እንዳትቆረጥ" ይባላል። ከእኔ ቅናት ይልቅ የሚገርመኝ የልጆቹ ሁኔታ ነበር። አልተደሰቱም። እንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ጉልበታቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ውኃ ሲጠማቸው እንኳ በጆሮዬ ይነግሩኛል እንጂ "እትዬ፣ ውኃ" አይሉም። እንክብካቤ ሰውን ከበር ላይ ሊያስቀር እንደሚችል ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት።

ነገሩን ያባባሱት እማሆይ ናቸው። ማታ ማታ የመንዝ ሱፋቸውን እየፈተሉ ተረት ያወራሉ፤ ተረት ደግሞ ሲያወሩ መሐል ላይ አይቆሙም። አንድ ማታ ስለ አንዲት ክፉ የእንጀራ እናትና ስለ አመድ ላይ ስላስተኛቻት ልጅ ጀመሩ። የት እንደተቀመጡ ትዝ ያላቸው ልጅቱ አመዱ ላይ ከተኛች በኋላ ነው። እናቴ ሽሮውን ማማሰል አቆመች። ጋሼ ክር መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተው። እማሆይ ትንሽ አሰቡና "በኋላ ግን ሴትዮዋ ንስሐ ገባች" ብለው ተረቱን እዚያው ቆረጡት። ትንሿ ግን ተረት አዋቂ ናት፤ "አይደለም፣ ጅብ ነው የበላት" አለች። ጋሼ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ ሳል አደረገው። እናቴም ሳቀች። ክፉውን ነገር በስሙ ጠርተን የሳቅንበት የመጀመሪያ ማታ ይኸው ነው።

1977 የድርቁ ዓመት ነበር። ያን ክረምት ትንሿ ቆሎ ኪሷ ውስጥ ትደብቅ ጀመር። የደረቀ እንጀራም ከትራሷ ሥር ተገኘ። እናቴ ስታየው ደነገጠች፤ "አስርባት ይመስል! ጎረቤት ቢያይ ምን ይለኛል?" አለች። በማግስቱም እጥፍ አድርጋ አቀረበች፣ ልጅቱም እጥፍ አድርጋ ደበቀች። ምሥጢሩን የነገረን ወንድሟ ነው። ባቲ መጠለያ ነበር፤ ከወሎ ገጠር የተሰደደው ሕዝብ በኮምቦልቻ መንገድ ሲያልፍ ልጆቹ አይተዋል፤ ከሰው መሐል አንዲት እኩያዋ ልጅ እጇን ዘርግታላት ትንሿ ኪሷን ብትፈትሽ ምንም አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ኪስ ይዛ መውጣት አልቻለችም። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ ነገሩን አላነሣችም። ጋሼም ምንም ሳይናገር ለልጁ ቀሚስ ጠለቅ ያለ ኪስ ሰፋላት።

ስለ ጨዋታችን ሳላወራ የእኛ ቤት ክረምት አይነገርም። ቀን ቀን እናቴ ፋብሪካ ስትሆን ቤት የሚውለው ጋሼ ነው። በረንዳው ላይ ዝናቡ ስለሚገርፍ መኪናውን ወደ ቤት ያስገባዋል። ሐምሌ ለልብስ ሰፊ ቀዝቃዛ ወር ነው፤ ሥራው የሚጎርፈው ነሐሴ መጨረሻ ላይ የዩኒፎርም ጨርቅ የያዙ እናቶች በር ላይ ሲሰለፉ ነው። እስከዚያ ድረስ ጋሼ ሥራው እኛ ነበርን። በቁራጭ ጨርቅ ኳስ ይጠቀልልልናል። የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ለቅመን ካርቶን ላይ በከሰል በተሠመረ ዳማ እንጫወታለን፤ የአንዱ ቆርኪ ፊቱን፣ የሌላው ጀርባውን ያያል። በቆሎ ሲደርስ ከሰሉ ላይ እንጠብሳለን፣ ከእማሆይ ጋር ደግሞ ባቄላ እንቆላለን። በኢትዮጵያ ሬዲዮ "ከመጻሕፍት ዓለም" ሲጀምር ግን ሁሉም ጨዋታ ይቆማል። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲተርክ ጋሼ እግሩን ከመኪናው መርገጫ ላይ ያነሣል፤ የተጀመረ ስፌት መሐል ላይ ይቆማል። ደምበኛ ቢመጣ በእጁ ምልክት ተቀመጥ ይባላል፤ አብዛኛውም እዚያው ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ሲያሳትሙ አንድ ልብስ ሰፊ ሥራውን ይፈታልኛል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

የጨዋታዎቹ ንጉሥ ገበጣ ነው። እማሆይ ከመንዝ ይዘውት የመጡ፣ ከወይራ የተፈለፈለ፣ በእጅ ብዛት የተወለወለ ገበጣ ነበረን፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ። በየጉድጓዱ አራት አራት እንሞላለን። ጠጠር ግን አንጠቀምም፤ የጋሼ ቁልፎች አሉ። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ የወታደር ቁልፍ ሳይቀር። እማሆይ ቁልፎቹን አንሥተው አንድ አንድ እያደሉ ሲሄዱ የመጨረሻዋ የት እንደምትወድቅ አስቀድመው ያውቃሉ፤ እኛ ግን ጣታችንን እየቆጠርን እንሰረቃለን። ትልቁ ብልጥ ስለነበረ በሦስተኛው ክረምት ከእማሆይ ጋር መፎካከር ጀመረ። እሳቸውም ሲሸነፉ "ይህ የማን ልጅ ነው?" ብለው ይቆጡ ነበር፤ ቁጣው እንጂ ጥያቄው አልነበረም ዋናው። ልጁ ግን አንድ ቀን ዞር ብሎ አየኝና "የማን ልጅ እንበላቸው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንቆቅልሽም ነበር። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ ራሱን ያወድሳል፣ ተሸናፊውን ያዋርዳል። ትልቁ ጎንደርን ሰጥቷል፣ ሐረርን ሰጥቷል፣ አስመራንም ሰጥቷል። ኮምቦልቻን ግን አንድም ቀን አልሰጠም። እኔ "ኮምቦልቻን ካልሰጠኸኝ አልቀበልም" ብዬ ስጨቀጭቀው እማሆይ ጣልቃ ገቡ። "የእናቱን አገር ማን ይሰጣል? አንቺ ደብረ ብርሃንን ትሰጫለሽ?" አሉኝ። አልሰጥም። ነገሩ እዚያው አበቃ።

እኛ ከተኛን በኋላ ገበጣው ለእናቴና ለጋሼ ይቀራል። ባናው ሥር ሆኜ የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ እሰማለሁ። ሁለቱም ብዙ የሚያወሩ ሰዎች አልነበሩም፤ እሷ የፋብሪካው ማሽን ጩኸት ጆሮዋን ስለሚያደክማት ዝምታ ትወዳለች፣ እሱ መርፌ አፉ ውስጥ ይዞ መኖር ለምዷል። አንድ ማታ እናቴ "አውቀህ ነው የተሸነፍክልኝ" ስትለው ሰማሁ። ካደ። "ለሕፃን የሚደረገውን ለኔ አታድርግ" አለችና ገበጣውን ገለበጠችው። ከዚያ ለቀናት አልተነጋገሩም። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ተሸንፎልሽ ምን ያስቆጣሻል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ዛሬ እኔም ባለ ትዳር ስለሆንኩ ከማንኛውም የጋብቻ ምክር ይልቅ ያንን ጠብ አከብረዋለሁ። የመጀመሪያ ባሏ ትቷት ሄዷል፤ ሁለተኛው ቢያዝንላት አትፈልግም። ባልና ሚስት በእኩል መጫወት ካልቻሉ አንዱ እንግዳ፣ አንዱ አስተናጋጅ ሆነው ይቀራሉ። ጋሼ ትምህርቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ያለ ምሕረት ነበር የሚያሸንፋት፤ እሷም ሲያሸንፋት ትስቅ ነበር።

ይኸው ትምህርት ለልጆቹም መድረስ ነበረበት። የደረሰው በሬሳ ዳር ነው። ትልቁ ከሠፈር ልጆች ጋር ተወራርዶ የሞላውን ወንዝ በድንጋይ ላይ እየዘለለ ሊሻገር ሲል እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ አየችው። ነጠላዋን ጣለች፤ ጭቃው ውስጥ ሮጣ በጆሮው ይዛ አወጣችው፤ እዚያው ሕዝብ ፊት ጭኑን ቆነጠጠችው። እኔ የማውቃት ቁንጥጫ፣ ቆዳውን ይዛ የምታዞራት። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። ቤት እንደገባን ወደ ጓዳ ጠርቶኝ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ያበጠውን አሳየኝ፤ "አየሽ፣ እኔንም" አለኝ። የልደት ምስክር ወረቀት የተሰጠው ይመስል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ውኃ ሲጠማው ቤት የሚያናውጥ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ያን ዓመት ለቡሄ እናቴ ሙልሙል ስትጋግር የመጀመሪያውን ለእሱ አወጣች፤ በአድልዎ ሳይሆን ከቤቱ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ጅራፉን ይዞ ከሠፈር ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ሊል ሲወጣ ጋሼ በር ላይ ቆሞ እስኪርቅ ድረስ ተመለከተው። ቡሄ ሲያልፍ ክረምት ያልቃል ይባላል። ያንን ያለ ሰው ደብረ ብርሃንን አላያትም።

1981 ትልቁ 16 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ግን 20 ይላል። የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በየከተማው የሚካሄድበት ጊዜ ነው፤ ዕድሜ የሚለካው በዓይን እንጂ በወረቀት አልነበረም። ጋሼ ያን ሳምንት ሌላ ሥራ ትቶ የልጁን ሱሪዎች ሁሉ ቆርጦ ቁምጣ አደረጋቸው። በዚያ ብርድ በቁምጣ የሚሄድ ጎረምሳ በደብረ ብርሃን እሱ ብቻ ነበር። የቀበሌ ሰዎች አንድ ማታ መጡ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ የአንድ ሠፈር ሰዎች ነን። ዕድሜውን ጠየቁ። እናቴ ተነሣችና በር ላይ ቆመች። "ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ ኅዳር ጽዮን ዕለት ነው የወለድኩት። ያማጥኩት እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?" አለች። ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እማሆይ ዞሩ፤ እማሆይ እንደማይዋሹ ከተማው ያውቃል። እሳቸው እንዝርታቸውን አስቀምጠው "እትብቱን የቆረጥኩት በዚህ እጄ ነው" አሉ።

ሰዎቹ ሄዱ። እማሆይ ሌሊቱን አልተኙም፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ቀኖና ተሰጣቸው፤ ፍልሰታን ሙሉ ያንን ያረጀ ጉልበታቸውን ይዘው ሰገዱ። ትልቁ ሊደግፋቸው ሲሞክር "ሂድ ወዲያ፤ ለራሴ ኃጢአት ነው የምሰግደው" ይሉት ነበር። እናቴ ግን ንስሐ ስለ መግባቷ ሰምቼ አላውቅም። ውሸት የተናገረች አይመስላትም ነበር።

በ1982 ክረምት ልጆቹ አልመጡም። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ቀርቦ መንገዱ ያስፈራ ነበር። በዚያ ክረምት ገበጣው አልወረደም፤ ጋሼ ሬዲዮኑን የሚከፍተው ለዜና ብቻ ነበር፤ እኔም ቤታችን ምን ያህል ጠባብ ሳይሆን ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ አየሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1983 ሲመጡ ትልቁ ረጅም ሱሪ ለብሷል፤ ትንሿ የኔን ቁመት አልፋለች። ዋሻውን አልፈው ሲወርዱ ሁለቱም ሹራብ ደርበዋል። ብርዱን ከእናታቸው ቤት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ እናታቸው ራሷ ናት የሠራችላቸው። ለእኔም አንድ ሹራብ ልካ ነበር። ያቺን ሴት በአካል ያገኘኋት ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሹራቡ እጅጌ ግን ልክ ነበር። ልጆቿ ቁመቴን ነግረዋታል።

ጋሼና እናቴ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። አብረው የሠሩትን ቤት ትተውልናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንጀራ ልጅ ከእንጀራ ወላጁ አይወርስም፤ ውርስ በሥጋ ወይም በጉዲፈቻ ለተዛመደ ነው፣ ወይ ኑዛዜ ያስፈልጋል። ኑዛዜ አልነበረም። እናቴን ያየ ሁሉ ሦስት ልጆች እንዳሏት ያውቃል፤ ፍርድ ቤት የሰጠኝ ወረቀት ግን አንድ ይላል። በወረቀቱ መሠረት የቤቱ ግማሽ የኔ ነው፣ ሌላው ግማሽ ለሁለቱ ይካፈላል። ሒሳቡን ሰምተን ስናበቃ ትልቁ "እንግዲህ አገር ስጪኝ" አለኝ፤ ሳቅን፣ ሦስት እኩል ብለን ተፈራረምን። እስካሁን ግን አልሸጥነውም፣ አልተካፈልነውም፤ ሐምሌ ሲገባ ልጆቻችንን ይዘን እንሄድበታለን። የሚያከራክረን ገበጣው ብቻ ነው። ትንሿ "ላስጠግነው" ብላ አዲስ አበባ ወስዳ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ካነበበች፣ ወይም እሷን የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ የእማሆይን ገበጣ ከነቁልፎቹ እንድትመልስ ንገሩልኝ።